ለአያሌው ጀልባ ያጠጣነው እንጨት

ከቤቴ ጀርባ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ከተከፈተ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ባለቤቱ ጨዋ ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ለጾም መያዣም አንድ ጀሪካን ዘይት ልኮልኛል። ጎረቤቶቼ ግን ሞተሩ አላስቀምጥ አለን ብለው ለቀበሌ አቤቱታ እያስፈረሙ ነው። ትናንት ፊት ለፊቴ የሚኖረው መምህር ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጋሽ ተሰማ፣ የእርስዎ ግድግዳ ከመጭመቂያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፊርማዎ ከሁላችንም በላይ ክብደት አለው» አለኝ። ወረቀቱ ስም፣ ፊርማና ምክንያት የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። ነገ እፈርማለሁ ብዬ ሸኘሁት። እውነቱን ለመናገር ሞተሩ እኔን አይረብሸኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት መጋዝ ጆሮዬን ጨርሶታል። እኔን የሚረብሸኝ ሽታው ነው። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ሲግል በመስኮቴ ይገባል፤ ያን ጊዜ ባሕር ዳር መሆኔ ይጠፋኝና ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ የአናጺ ቤቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ እገኛለሁ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ደቡቡ ተቆርሶ ከሄደ በኋላ፣ የዳቦ ሰልፍ ከመጀመሩ በፊት ነበር። በአንድ ጊኒ ሦስት ዳቦ ይገዛ ነበር፤ ዳቦው ትንሽ ቢሆንም ትኩስ ነው። ከግቢዬ ማዶ የኒም ዛፍ ሥር በላይነሽ የምትባል የደብረ ታቦር ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ዝንጅብሉን አብዝታ፣ ስኳሩን ሳትጠይቅ ሦስት ማንኪያ። ፊቷ የተቀመጠው ሹፌርም ሆነ ፖሊስ ስኳር በዛ ብሎ ሲያማርር «የሚመር ነገር ከፈለግህ ቤትህ አለልህ» ትለዋለች፣ በአረብኛ። በሃፍላው፣ በዚያ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሹፌሮቹ የሚከፍቱት ዘፈን የእነሱ ነው ስትል የእኛ፣ የእኛ ነው ስትል የእነሱ ይሆናል። እሑድ ጠዋት ሴቶቻችን በሱዳን ቶብ ተጠቅልለው ከቤት ይወጣሉ፤ ነጠላቸው በፌስታል ታጥፎ ብብታቸው ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ቶቡ ወደ ፌስታሉ ይገባል፣ ነጠላው ይወጣል። አቧራው ቀይ ነው፣ ሰማዩም አንዳንድ ቀን ቀይ ነው፣ በዚያ መሐል ያ ሁሉ ነጭ ሲፈስ ማየት ደስ ይል ነበር። አሁን ሳስበው ያ ከተማ በእኛ ላይ ክፉ ሆኖ አያውቅም ማለት አልችልም፤ ከሻው፣ ማለት የፖሊስ አፈሳው፣ ሲመጣ አጥር ዘልዬ አውቃለሁ። ግን ጉልበቴ የነበረበት ከተማ ነው፤ ሰው ጉልበቱን የተወበትን ቦታ አይጠላም።

የምሠራው በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ነበር። ከዚያ ሌላ አንድ ሥራ ሳልመርጠው ተጭኖብኛል። የአገሩ ሰው ሙቱን በከፈን ጠቅልሎ ስለሚቀብር የሬሳ ሣጥን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። የእኛ ሰው ደግሞ በሰው አገር ሞቶ ሣጥን ከቀረበት ሁለት ጊዜ የሞተ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእኛ መሐል ሰው ባረፈ ቁጥር እድሩ እኔ ዘንድ ይመጣል። ዋጋ አልጠይቅም፤ እንጨቱን ብቻ ይተኩልኛል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ሞስኪ የሚሉት ነጭ ጣውላ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመሮ አያስቸግርም፣ አራት ሰው ይሸከመዋል።

አያሌው የጎርጎራ ሰው ነው። ጣና ላይ መረብ ሲጥል ያደገ፣ ካርቱም መጥቶ ማንሺያ አንድ ትልቅ ቤት ዘበኛ የሆነ። ቤቱ ወንዙን ከፊት ለፊቱ ያየዋል። ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ በጀልባ ሲያልፉ እሱ የሰው ጽጌረዳ በጎማ ቱቦ ያጠጣል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱ ይስቃል። እጆቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሲያወራ እንኳ መሬት ላይ ያገኘውን ሲባጎ አንስቶ ቋጠሮ ይቋጥራል።

እናቷ ቀድማ ያረፈችባት አንዲት ልጅ ነበረችው፣ እታገኘሁ የምትባል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷን ተከትላ መጥታ ካፉሪ አንድ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በወር አንድ ዓርብ ስትለቀቅ የምትመጣው እኔ ግቢ ነው፤ አባቷ ዘበኛ ክፍሉ ውስጥ ሴት ልጅ ማስገባት አይፈቀድለትም። ከጥምቀት በኋላ በመጣችበት ዓርብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ፣ ፊቱን ሳታይ «አባዬ፣ አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ልጆች በሊቢያ በኩል ሄደዋል። አንዷ ጣሊያን ገብታ ፎቶ ልካለች» አለችው።

«ሌላዋስ?» አላት።

«ሌላዋ ስልኳ አይሠራም።»

አያሌው ሲባጎውን መቋጠር አቆመ። ከዚያ ለእኔም ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ተናገረ። ጀልባ ሊሠራ ነው። ጀበል አውሊያ ግድቡ ዘንድ ዓሣ ሞልቷል፤ ያጠምዳል፣ እሷ ጠብሳ ትሸጣለች፣ የራሳቸው ቤት ይከራያሉ፣ ማዳም የሚባል ነገር ያበቃል። «እስከ እንቁጣጣሽ ብቻ ጠብቂኝ» አላት።

ልጅቷ ሳቀች። «ለአንድ ጀልባ እስከ እንቁጣጣሽ? ጎርጎራ እያለን ጠዋት ደንገል አጭደህ ማታ ትቀዝፍበት አልነበር እንዴ?»

«እሱ ታንኳ ነው። ይኼ የእንጨት ነው፤ ትንሽ ይቆያል» አላት፤ ትንሹ ምን ያህል እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ ላይ የሚሄድ ነገር የአንድ ቀን ሥራ ይመስለዋል። እሱ እንቁጣጣሽ ያለው አብዝቶ፣ ቀን አስፍቶ ነው። እሷም ቀኑ ሲያልፍ ያዘነችበት በዚያው ልክ ነው። ስትወጣ ከፌስታሏ ነጠላዋን አውጥታ ሰጠችው፤ በጥምቀት የለበሰቻት፣ ጥበቧ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ነው። «ለሸራ ትሁንህ» አለችው እያሾፈች።

የጀልባ ሠሪውን ያገኘነው ኦምዱርማን ወንዙ ዳር ነው። ዓም ባቢክር ይሉታል፤ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ጀላቢያው የዘይት ካርታ የሆነ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ወደ ብረት ጀልባ ሲዞር እሱ እንጨቱን አልተውም ብሎ የቀረ ነው። የሚፈልገውን በጣቱ አሸዋ ላይ እየጫረ ነገረን። ሱንጥ የሚሉት የግራር ዘር፣ ጣውላ ተደርጎ፤ ለጎን አጥንቱ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት፤ ከፌሮ የተቀጠቀጠ ምስማር፤ ስንጥቁን የሚደፍን አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፤ ጨርቁን የሚያጠጡበት ሰሊጥ ዘይትና የበግ ስብ። «ግን ሱንጡ አኽደር፣ እርጥብ መሆን አለበት» አለ። «ከደረቀ ብረት ነው፤ ምስማሩን ይተፋዋል። እርጥቡን አምጡልኝ፣ በሃያ ቀን ውሃ ላይ ነው፣ ኢንሻአላህ። ደረቅ ካመጣችሁ ግን ሻይ አጠጥቼ እመልሳችኋለሁ።»

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ባዶ እጁን ነው። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት የሱንጥ ደን አለ፤ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ማየት እንጂ መንካት ክልክል ነው። አያሌው ዓርብ ዓርብ እዚያ አጥር ሥር ቆሞ ዛፎቹን ያያል። የሚሸጠው ሱንጥ የሚመጣው በሎሪ፣ ከሰናርና ከዚያ በላይ ነው፤ ተስዲግ የሚሉት የፈቃድ ወረቀት ከሌለው ኬላ ላይ ይወረሳል፣ ወረቀቱ ካለው ደግሞ ኬላ ላይ ሲመረመር ይደርቃል። ሹፌሮቹ «ቡክራ» ይሉናል፤ ነገ ማለት ነው። ያ ነገ ግንቦት ሆነ። ጎባጣዎቹን ቱቲ ደሴት ላይ አገኘናቸው፤ የሎሚ እርሻ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ውሃ የጣለባቸውን ዛፍ ሲፈልጡ ደርሰን እንደ ክርን የታጠፉ አምስት እንጨቶች መርጠው ሰጡን፣ ሎሚም ጨመሩልን። ምስማሩን የኦምዱርማን ቀጥቃጭ ከፈረሰ ቤት ፌሮ እያወጣ አንድ በአንድ ሠራልን። ጨርቁን የሰበሰበችው በላይነሽ ናት። ሻይ እየቀዳች ለሴቱ ሁሉ «አሮጌ ነጠላ ያላችሁ አምጡ፣ የአያሌው ጀልባ ልብስ የላትም» ትል ነበር። እነዚያን እሑድ እሑድ የሚፈሱትን ነጠላዎች አያሌው ቀዶ፣ ጭኑ ላይ ጎንጉኖ፣ የሰሊጥ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይነክራቸው ነበር። የልጁን ነጠላም ጎንጉኗል። እታገኘሁ በሚቀጥለው ወር መጥታ ስታየው «ሸራ ነው ያልኩህ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

እንጨቱ ግንቦት ላይ ሲገባ ግቢዬ ውስጥ ደርድረን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። አያሌው ከማንሺያ ተነሥቶ አርካዊት የሚባለውን ሰፈር በእግሩ እያቋረጠ በየቀኑ እየመጣ ያጠጣዋል። ጎረቤቶቼ በር ላይ ቆመው «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የተቆረጠ ዛፍ ሊበቅልልህ ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ የእሱን ጽናት ስለማውቅ ግን እሱ በማይመጣበት ቀን እኔ አጠጣለሁ። እንደዚያ ሆኖ ሳለ አንድ የቡሬ ልጅ ከፎቅ መወጣጫ ወድቆ ሞተ። በዚያ ሳምንት ሞስኪ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ ኦምዱርማን ድረስ ሄጄ ፈልጌያለሁ። አያሌውን ጠየቅኩት። ጣውላዎቹን አንድ ጊዜ አየና «ውሰድ። ዓሣ ይጠብቃል፣ ሬሳ አይጠብቅም» አለኝ። የቀረው እንጨት ሙሉ እስኪሆን ስንጠብቅ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ሎሪ ቆመ፣ ያጠጣነው ሁሉ በውስጡ ደርቆ ተሰነጠቀ። ዓም ባቢክር መጥቶ በመዶሻ አንኳኳውና፣ እንዳለውም፣ ሻይ አጠጣን።

እንቁጣጣሽ አለፈ። እታገኘሁ ስልክ ደውላ እንኳን አደረሰህ ስትለው ስለ ጀልባው አልጠየቀችውም። ያ ነው ያስፈራው። በመስከረም መጨረሻ አዲስ ሱንጥ መጣ፤ ጥሩ፣ ጭማቂው ያልጠፋ፣ ሲልጉት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት። በአንድ ሳምንት ሁሉም ነገር ሞላ። ዓም ባቢክር የአረፋ በዓል ሲያልቅ እጀምራለሁ አለ። አያሌው ለልጁ ደውሎ «ለአረፋ ስትለቀቂ ነይና በእጅሽ ዳሺው፣ ያኔ ታምኛለሽ» አላት። እኔ ዘንድ ቆሞ ስለነበር የደወለው፣ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

በአረፋ ዋዜማ በላይነሽ ታመመች። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ ስኳር ነው፣ ድካም ነው ስትል ከረመች። በበዓሉ ዕለት ሐኪም ቤት ሞተች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በማግሥቱ አስከሬኑን ዛሬውኑ ውሰዱ አሉን። የእድሩ ሰዎች ግቢዬ ገቡ። በዓል ነው፣ የጣውላ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፣ ሙቀቱ አያድርስ ነው። «ተሰማ፣ በምን እንቅበራት?» አሉኝ። አያሌው አልነበረም፤ በአረፋ ቤቱ ሁሉ በግ ስለሚያርድ ለጀልባው ስብ ሊለምን ጣሳ ይዞ አርካዊት ውስጥ በር ለበር እየዞረ ነበር። እርጥቡን ጆንያ ገለጥኩት።

የሱንጥ ጣውላ አጭር ነው፤ ለሣጥን እየቀጣጠልክ ነው የምትሠራው። ቸኩዬ ሁለቱን ሰነጠቅኳቸው፣ ሌላ ሁለት ጨመርኩ። ሲያልቅ ከግማሽ በላዩ ሄዶ ነበር፤ የቀሩት ቁርጥራጮቹና ጎባጣዎቹ ናቸው። ሣጥኑ ከመክበዱ የተነሣ ስምንት ሰው ተሸክሞት እየተቀባበለ ነበር። አንዱ ተሸካሚ «ምን ሠራህበት፣ ድንጋይ ነው?» ብሎ አጉረመረመ። በላይነሽ እንደ ቅጠል የቀለለች ሴት ነበረች። በዚያ ቀን መቃብሩ ውስጥ ሲወርድ እርጥበቱ ገመዱን አርሶት ነበር። ለአያሌው ሄጄ መንገር ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ተኛሁ። እሱም ለበዓሉ እንግዳ በር ጠብቅ ተብሎ ሁለት ቀን አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ለሠልስቷ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ የግቢዬ በር ክፍት ነው። እታገኘሁ መሐል ላይ ቆማለች። አዲስ ሰማያዊ ቶብ ለብሳለች፣ ማዳሟ ለበዓሉ የሰጠቻት መሰለኝ። አያሌው ከእኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶ ኖሯል፤ እስከ አፉ የሞላ የስብ ጣሳ በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ጆንያውን ነው።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ ማገዶ ነው።»

አያሌው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ጥያቄ እንጂ ቁጣ አልነበረም። ልጅቷም ዞረች። «ጋሽ ተሰማ፣ እውነት ጀልባ አለ?»

«ነበረ» አልኳት። «ከትናንት በስቲያ ለበላይነሽ ሣጥን ወሰድኩት። እንጨት ጠፍቶ።»

ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው እንደሆነ ከፊቱ ታየ። ግን አያሌው ሰው ፊት ሰው አያዋርድም። ጣሳውን መሬት አስቀመጠና «እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩት» አላት። «በላይነሽ ያቺን ሁሉ ነጠላ የሰበሰበችልን ሰው ናት። እንዴት እምቢ እላለሁ?»

እታገኘሁ ወደ አባቷ ዞረች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለሞተ ሰው ሰጥተህ እኔን ደግሞ ጠብቂኝ ትለኛለህ?»

«ሌላ ይመጣል። አንድ ወር፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ» አለች እሷም። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው፤ ለአንድ ዓርብ ስንብት እንደዚያ ስማው አታውቅም ነበር፣ ያኔም አላስተዋልኩትም። እኔን ትከሻዬን ነካ አድርጋ ወጣች። ከበሩ ማዶ የበላይነሽ ባዶ በርጩማ ዛፉ ሥር ነበር፤ እታገኘሁ ቶቧን ሰብስባ ያንን ዞራ ስታልፍ አየኋት። በሳምንቱ ማዳሟ ለአያሌው ደወለች። ልጅህ ልብሷን ሁሉ ይዛ ጠፍታለች አለችው።

ደላላው በበረሃው ወሰዳት። ሁለት ጊዜ ከሊቢያ ደወለች። በሁለተኛው አባቷ «ተመለሽ፣ እንጨቱ መጥቷል» አላት፤ እውነትም መጥቶ ነበር፣ ዓም ባቢክር የታችኛውን ወለል ጀምሮት ነበር። «አባዬ፣ አሁን መመለሻ የለውም። አንተ ጨርሰው» አለችው። ከዚያ ዝም።

መርዶው የደረሰው በእኔ ስልክ ነው፤ የአናጺው ቁጥር በዴም ልጆች ሁሉ እጅ ነበር። አብሯት የተጫነ፣ ከባሕር ወጥቶ የተረፈ የሰፈራችን ልጅ ደውሎ ነገረኝ። እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ አምስት ሆነን ማንሺያ ሄድን። አያሌው ማልዶ ተነሥቶ ጽጌረዳዎቹን እያጠጣ ነበር። እኛን በአንድነት ስንመጣ አየን። ወደ እኛ አልመጣም፤ መጀመሪያ ቧንቧው ዘንድ ሄዶ ውሃውን ዘጋ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ልናገር የተመረጥኩት ነበርኩ፤ አፌን ሳልከፍት «አውቄዋለሁ፣ ተወው» አለኝ።

ሐዘኑን የተቀመጥነው እኔ ግቢ ነው። ሬሳ የለም፣ ሣጥን የለም፤ ያን ሁሉ ሣጥን የሠራሁ ሰው ለአያሌው ልጅ የምሠራው አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን ያ የተረፈው ልጅ አያሌውን ላጽናና ብሎ ደወለ። ስልኩን ሰጠሁት። እንዴት ሞተች፣ ምን አለች ብሎ አልጠየቀም። «ልጄ፣ ያቺ ጀልባ ከምንድን ነው የተሠራችው?» አለው።

«ጎማ ናት አባቴ። ታጥፋ በጆንያ ነው ያመጧት።»

«ለማዘጋጀት ስንት ቀን ፈጀባቸው?»

«ምን ቀን አለው። በፓምፕ ነፏት፤ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

አያሌው ስልኩን መለሰልኝ። «እውነቷን ነበር» አለ። «ጀልባ የአንድ ቀን ሥራ ነው ብላኝ ነበር።»

ሴቶቹ እንደ አገራችን ወግ በሬሳው ቦታ የሚያስቀምጡትና የሚያለቅሱበት ልብሷን ፈለጉ። ያላት ሁሉ አብሯት ሄዷል። የቀረችው ያቺ የጥምቀት ነጠላ ናት። አያሌው የዘይቱን ጣሳ አመጣና ከውስጡ አረንጓዴ ክር ያለበትን ጉንጉን እየለየ ማውጣት ጀመረ። ጉንጉኑን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ቁራጩን በመዳፉ እየዳበሰ እያቃና ወንበሩ ላይ ደረደረው። ዘይቱ በክርኑ ይወርድ ነበር። ሴቶቹ ማልቀስ ትተው ያዩት ነበር። ግቢው በሙሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ሸተተ። ጀልባውን ዓም ባቢክር እንደጀመረው ተወው፤ ወለሉን ማን እንደፈለጠው አላውቅም።

አሁን አያሌው ጎርጎራ ተመልሷል። እርጅናው ሳይከብደው ደንገል አጭዶ፣ በአንድ ቀን ታንኳውን ሠርቶ ያጠምዳል። በሐይቁ ጀልባ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ዓሣ አስይዞ ይልክልኛል። «ለተሰማ ስጡልኝ፣ በችግሬ ቀን ግቢውን የሰጠኝ ወንድሜ ነው» ይላቸዋል። ዓሣውን ለጎረቤት እሰጣለሁ፤ ሐኪም ከልክሎኛል እላለሁ። የከለከለኝ ሐኪም የለም። በዚያ የአረፋ ማግሥት እንጨት የለም ብዬ ጆንያውን ስገልጥ፣ ከሱቄ ኋላ ተልጎ የተቀመጠ ሞስኪ ነበረኝ፤ ለአንድ የማንሺያ ሀብታም በር የታዘዘ፣ ከበዓሉ በኋላ የሚረከበው፣ ለሣጥን የሚበቃና የሚተርፍ። ሰውየው ደህና ደንበኛ ነበር፤ ቀን ቢያልፍብኝ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። የአያሌው ጀልባ ግን ይጠብቃል ብዬ አሰብኩ፤ አያሌው ራሱ ዓሣ ይጠብቃል ብሎኝ ነበርና። በሩን በቀኑ አስረከብኩ። ሰውየው ተደሰተ። አያሌው ይህን አያውቅም፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

ዛሬ መምህሩ በቃሌ መሠረት ወረቀቱን ይዞ መጣ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር ጎረቤቶቼ ሁሉ የጻፉትን አየሁና እኔም «ድምፁ አላስተኛ አለኝ» ብዬ ጻፍኩ።